ጎዶሎው ሰውዬው ነው ወይስ ደረጃው?

ባለፈው ሰሞን ለጉዳይ ደብረ ብርሃን ከሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ደረጃው ሥር በክራንች የቆሙ አንድ አባት አገኘሁ። «ልጄ፣ ከአንኮበር ነው የመጣሁት። ሦስተኛ ፎቅ ከወጣህ ይችን ማመልከቻ አድርስልኝ» አሉኝ። አደረስኩ። «ባለጉዳዩ በአካል ይቅረቡ» ተባልኩ። በአካል! ኧረ የሕግ ያለህ! አባት ወረቀታቸውን ኪሳቸው ከትተው ተመለሱ።

ለመሆኑ እኝህ ሰው ምን ጎደላቸው? 40 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጠው መጥተዋል። ያቃታቸው ደረጃው ነው። ደረጃውን ደግሞ እግዜር አልሠራውም።

ጉድለት የምንለው ነገር እንደየቤቱ ይለያያል። በቅኔ ጉባኤ ቤት ዓይነ ስውር የኔታ እንግዳ አይደሉም። ተማሪው ቅኔውን በቃሉ ይነግራል፣ እሳቸው ሰምተው ያቃናሉ። እዚያ ማንም «ተሳናቸው» አይልም። እኒሁ የኔታ ፎርም ወደሚሞላበት ቢሮ ሲመጡ ግን በአንድ ቀን ጉዳተኛ ይሆናሉ። ዓይናቸው ያው ነው፤ የተለወጠው ቤቱ ነው።

ድሮ ደጎች ነበርን ማለቴ አይደለም። «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል» ብለን የተረትነው እኛው ነን። የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤ በልጅነታቸው ዓይናቸውን ማጣታቸው ከልጅነት ጋብቻ እንዳተረፋቸው ተናግረዋል። ለሙሽርነት ያልታጩት ልጅ በ2010 ዓ.ም. «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ሚዛኑ የማን ነበር? የእኛው!

ዛሬ ስሙን አሳምረን «አካል ጉዳተኛ» እንላለን። ደግ አደረግን። ግን ተረቱን አፋችን ቢተወውም ደረጃው አልተወውም።

ሕግ ጠፍቶ ነው እንዳይባል፣ የ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድና ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው መግቢያ ይኑረው ብሎ ደንግጎ ነበር። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነትም የአካል ጉዳተኝነትን ምንጭ ከሰውየው አካል ብቻ አይፈልግም፤ ሰው ሠራሹ መሰናክልና የሰው አመለካከት ጭምር እንደሚፈጥሩት ይናገራል። ታዲያ እንዲህ ያለውን ሕንፃ ማን ፈቀደው? ማንስ ፈርሞ ተረከበው? በዚህ የተጠየቀ ሹም ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም።

አሳንሰሩ እስኪገዛ መጠበቅም አያስፈልግም። አንድ ጠረጴዛና አንድ ጸሐፊ ወደ ምድር ቤት ማውረድ ስንት ብር ይፈጃል? ባለጉዳዩ መውጣት ካልቻለ ሹሙ ይውረድ!

ልብ ያለው ልብ ይበል።