ቀለም፣ ጣዕም፣ ሽታ፤ ከዚያስ?



ነጃሳ የገባበት ብዙ ውኃ ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው ከተለወጠ እንደማያጠራ ሁላችንም መድረሳ ተምረናል። የሳውዲ አረቢያ የታላላቅ ዑለማዎች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 የተጣራ ፍሳሽ ጧሂር ሊሆን እንደሚችል ሲወስን፣ ሦስቱ ምልክቶች መወገዳቸውን ታማኝ ባለሙያዎች እንዲመሰክሩ ጠይቋል። እኛ የምህንድስና ተማሪዎች «ባለሙያ» የምትለው ቃል ላይ ቆም ማለት አለብን። ናይትሬት ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ በዓይንና በአፍንጫ አይያዝም።

አሶሳ የጉድጓድ መጸዳጃ ከተማ ናት። የሽንት ናይትሮጅን አፈር ውስጥ ናይትሬት ይሆንና ክረምት ሲገባ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይሰርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ነው። ሲበዛ የጨቅላ ሕፃን ደም ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፤ ውኃውን ማፍላትም አያስወግደውም።

በማጣሪያ ጣቢያ ናይትሬትን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ለውጠው ወደ አየር የሚመልሱት ባክቴሪያዎች ናቸው። ለዚህ ሥራ ግን ካርበን ያለበት ምግብ ይሻሉ። በሌላው ዓለም ሜታኖል ይገዛላቸዋል፤ ለእኛ ይህ የውጭ ምንዛሪ ጥያቄ ነው። ምግቡ ግን ዝቃጩ ውስጥ አለ። ዝቃጩ አየር በማይገባበት ታንክ ጥቂት ቀናት ሲብላላ አሲዶች ይወጡታል፤ ከነሱ ዋናው ኮምጣጤ ውስጥ ያለው ነው። እንደ ሊጥ ጊዜ አለው፦ ከቆየ ወደ ሚቴን ይለወጥና ምግቡ በጋዝ መልክ ያመልጣል። ሲብላላ አሞኒያም ስለሚለቅ ሳይለኩ መጨመር ጉዳት አለው። በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የተሠራው የአዲስ አበባው ቃሊቲ ጣቢያ ፍሳሹን መጀመሪያ አየር በሌለበት ታንክ ስለሚያሳልፍ አብዛኛው ካርበን እዚያው ያልቃል። እንዲህ ባለ ጣቢያ የዝቃጭ ማብላላት ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል እንላለን።

«ከነጃሳ ጋር ልትውሉ ነው?» የሚሉን ጓደኞች አሉ። ኸምር በራሱ ኮምጣጤ ሲሆን ጧሂር እንደሚሆን የተማርነው አብረን ነበር። ዝቃጩ በመብላላቱ ይጠራል አላልንም፤ ነጃሳነቱ እንዳለ ነው። እጅ ይታጠባል፣ ልብስ ይቀየራል፣ ሶላት ይሰገዳል። የሰፈር ሕፃን የሚጠጣው ውኃ ግን እንዲህ በቀላሉ አይታጠብም።

ስለዚህ የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ የምትፈልጉ ወንድሞችና እህቶች፣ ለሙከራው ክዳን ያላቸው ጥቂት ባልዲዎች፣ ጋዝ የሚወጣበት ቀጭን ቱቦ፣ ጓንትና የናይትሬት መለኪያ ይበቃሉ። ዝቃጩን በሁለተኛው፣ በአራተኛውና በስድስተኛው ቀን እየቀዳችሁ አወዳድሩ። ባልዲው መኝታ ክፍል አይግባ!