የዶሮው ግቢ ከላይም ይከደን



ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ከጠራ ወዲህ ጭልፊቱ በሰፈራችን ላይ ማንዣበብ ይዟል። ማንም ያየዋል። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል ከባሕር ዛፎቹ ይነሣል፣ በሥጋ ቤቶቹ ላይ አንድ ሁለቴ ይዞራል፣ ከዚያም ወደ ታችኛው መንደር ወርዶ ጫጩት ያለበትን ግቢ እየመረጠ ይጎበኛል። ቀጥሎ የሚሰማው የታወቀ ነው፤ የዶሮ ጩኸት፣ የሰው ጩኸት፣ የቆርቆሮ ድብደባ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ባለፈው ሳምንት የኮሚቴው አባላት ለመዋጮ ቤት ለቤት ስንዞር ከአንዲት እናት ደጃፍ ደረስን። እኚህ እናት እቁብ በደረሳቸው ገንዘብ ሃያ አምስት የአንድ ቀን ጫጩቶች ገዝተው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌሊት እየተነሡ በአምፖል ሙቀት አሳድገዋል። መብራት በጠፋበት ሌሊት ጀሪካን ሙሉ የፈላ ውሃ በጨርቅ ጠቅልለው ከመካከላቸው እንዳስቀመጡላቸው ነገሩን። ጫጩቶቹ ላባ ማውጣት ሲጀምሩ ፀሐይ ይሙቁ ብለው ወደ ግቢ አወጧቸው። በዐሥር ቀን ውስጥ ዘጠኙ ተወሰዱ። “ምነው እማማ፣ አጥር አልነበራቸውም እንዴ?” ብንላቸው፣ “አጥርማ አላቸው ልጄ፤ ድመትና ውሻ እንዳይገባ እስከ ደረቴ በሽቦ አሳጥሬዋለሁ። ከላይ ይመጣል ብዬ መች አሰብኩ” አሉን።

የእሳቸው አጥር የብዙዎቻችን አጥር ነው። በእግር የሚመጣውን ሌባ አስበን እናጥራለን፤ በክንፍ ለሚመጣው ግን በሩን ወለል አድርገን እንተዋለን። እንዲያውም ጠባብና ከላይ ክፍት የሆነ አጥር ለጭልፊቱ የተመቸ ሞሰብ ነው፤ ጫጩቷ መሸሻ የላትም።

ድሮ ይህ ሁሉ ጉዳት አልነበረም የሚሉ አሉ፤ ነበረ። ነገር ግን የአበሻ ዶሮ ጫጩቶቿን ራሷ ታቅፋ ስለምታሳድግ አሞራ ባየች ቁጥር ድምፅ ታሰማለች፣ ልጆቿም ሮጠው ከክንፏ ሥር ይገባሉ። አውራ ዶሮውም ቢሆን የሰማይ ጠላት ሲያይ የሚያሰማው ጩኸት የምድር ጠላት ሲያይ ከሚያሰማው የተለየ ነው፤ ልብ ብሎ ያዳመጠ ያውቀዋል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ፣ የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ በኋላ፣ በየግቢያችን የገቡት ሳሶና ቦቫንስ ግን በማሽን ተፈልፍለው፣ በካርቶን ውስጥ ያለ እናት ያደጉ ናቸው። ወደ ላይ ቀና በሉ ያላቸው የለም። ስለሆነም እናት ያላደረገችላቸውን አሳዳጊው ሊያደርግላቸው ይገባል።

መፍትሔ ተብሎ እስካሁን የተሞከረውን እንይ። ይህን የሚጽፈው ሰው ራሱ ያረጀ የካሴት ክር ከአጥር አጥር ወጥሮ ነበር። ክሩ በነፋስ ይርገበገባል፣ ያብረቀርቃል። ጭልፊቱ አራት ቀን ያህል ራቀ፤ በአምስተኛው ቀን ካሴቱ ያለበት ምሰሶ ላይ ዐርፎ ተገኘ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች። ማስፈራሪያ ለጥቂት ቀን ነው፤ አሞራ ይለምዳል።

ወንጭፉስ? ልጆቻችን ወንጭፍ ይዘው ጣሪያ ላይ ከወጡ ወዲህ ጭልፊት ሲወድቅ አላየንም፤ ሁለት መስኮት ሲሰበር ግን አይተናል። የሰው ዓይን ሳይጠፋ ወላጆች ወንጭፉን ሰብስቡልን።

ከሁሉም የከፋው መርዝ ነው። በላይኛው መንደር አንድ ነዋሪ ለጭልፊት ብሎ መርዝ የተቀባ ሥጋ አጥር ላይ ማስቀመጡን ሰምተናል። ማን እንደሆነ አንጽፍም፤ እሱም እኛም እናውቃለን። የሞተው የጎረቤት ውሻ ነው። ያ ሥጋ ከአጥሩ ወድቆ አንድ ሕፃን ቢያነሣውስ ኖሮ? ደግሞም የተመረዘው ሬሳ ሜዳ ላይ ሲጣል ጥንብ አንሣው በልቶ እሱም ይሞታል። በአፍሪካ የጥንብ አንሣ ዘር እየጠፋ ያለው ከሁሉ በላይ በእንዲህ ያለ መርዝ ሲሆን፣ በ2015 እ.ኤ.አ. በርካታ ዝርያዎቹ በዓለም አቀፍ ደረጃ እጅግ ለመጥፋት የተቃረቡ ተብለው ተመዝግበዋል። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መግደልም በሕግ የተከለከለ ነው። ጭልፊትም የዱር እንስሳ ነው። አይጥ ይበላል፣ ቆሻሻ ያነሣል። አንዱ ቢሞት ሌላው በቦታው ይተካል፤ ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ዘመዶቹ ይጨመሩበታል። ስንቱን መርዘን እንጨርሳለን?

እንግዲህ የሚቀረው መክደን ነው። ሥራው ከባድ አይደለም። ለምሳሌ ሦስት በአራት ሜትር የሆነ የዶሮ ግቢ ቢኖረን፣ ሁለት ሜትር ተኩል ርዝመት ያላቸው ስድስት አጠናዎች ያስፈልጋሉ፤ አራቱ ለማዕዘን፣ ሁለቱ ለረጅሙ ጎን መካከል። ግማሽ ሜትሩ ከመሬት ይቀበራል፤ ሁለት ሜትር ከፍታ ሲኖር ሰው ሳይጎነበስ ገብቶ ይጠርጋል፣ እንቁላልም ይለቅማል። ከአጠና አጠና ጥቁር ሽቦ ይወጠራል፤ በማዕዘንም ይሻገራል። በዚያ ላይ መረቡ ይለብሳል። መረቡ አራት በአምስት ሜትር ይሁን፤ በየጎኑ ግማሽ ግማሽ ሜትር ተርፎ ከአጥሩ ሽቦ ጋር በሲባጎ ይሰፋል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከላይ ከድኖ በጎን በኩል አንድ ክንድ ክፍተት የተወ እንደሆነ ከባሕር ዛፍ ውስጥ ተደብቆ በአጥር ላይ ዝቅ ብሎ የሚመጣው ትንሹ ነጣቂ በዚያው ይገባል፤ ገብቶም መውጫ ሲያጣ ሁሉንም ይፈጃል።

የመረቡ ቀዳዳ አምስት ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጭልፊትን ያግዳል። የዶሮ ሽቦ መግዛት ለሚችል ይበረክታል። ለማይችል፣ ሐዋሳ ወይም ዝዋይ ዘመድ ያለው ሰው ያረጀ የዓሣ መረብ ቢያስመጣ ሥራውን ይሠራል፤ ብቻ የማይታየው ቀጭን የናይለን ክር አይሁን፣ ትንንሽ ወፎች ተጠላልፈው ይሞቱበታል። የአጠናው ጫፍ መረቡን እንዳይቀደው የማዳበሪያ ከረጢት ቁራጭ ይታሰርበት። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲጥል በረዶው መረቡ ላይ ተከምሮ ያጎብጠዋል፤ ወዲያው በመጥረጊያ እንጨት ከሥር መታ መታ ማድረግ ነው። የፕላስቲክ መረብ ፀሐይ ስለሚያደርቀው በዓመት አንድ ጊዜ በእጅ ሳብ አድርጎ መፈተሽ ያስፈልጋል። ምግብና ውሃ ካለበት በላይ ግን አንድ ቆርቆሮ ጣል አድርጉ፤ መረብ የወፍ ኩስ አያግድም፣ ፈንግል ደግሞ በኩስም ይተላለፋል።

ገንዘብም ጉልበትም ለጊዜው የሌለው ሰው ጫጩቶቹን እናቶቻችን እንደሚያደርጉት በቅርጫት ይድፋባቸው፤ ድንጋይ ከላይ ይጫንበት።

አንድ ነገር ደግሞ እናስታውስ። የጠፋ ዶሮ ሁሉ በጭልፊት አይመካኝ። ጭልፊት የቀን ሌባ ነው፤ ጫጩቷን ይዞ ይሄዳል። ትልቅ ዶሮ የነጠቀ አሞራ ደግሞ በአንድ ቦታ የላባ ክምር ይተዋል። ጠዋት ተነሥታችሁ ዶሮ ጭንቅላቷ ተበልቶ ብታገኙ የሽለምጥማጥ ሥራ ሊሆን ይችላልና የሌሊቱን ቤት በርና ቀዳዳ ተመልከቱ። በከንቱ የጎረቤትን ድመት ከሰው ሽማግሌ ያስቀመጡ ሰዎች ዘንድሮም አልጠፉም።

ሥጋ ቤቶቻችንም ይህን ይስሙ። አጥንትና ትርፍራፊ በክፍት በርሜል ደጃፍ እያስቀመጡ ጭልፊት በዛ ማለት አይቻልም። በበዓል የቅርጫ ሥጋ ከሰፌድ ላይ ተነጥቆ የሄደበት ሰው ይህን ያውቃል። በርሜሉ ክዳን ይኑረው።

ማኅበሩ በበኩሉ መረብ በጥቅል ለመግዛት አስቧል፤ በጥቅል ሲገዛ ርካሽ ስለሚሆን እያንዳንዱ የሚያስፈልገውን ያህል በሜትር ይወስዳል። የሚፈልግ ሁሉ የግቢውን ርዝመትና ስፋት ለክቶ እስከ ቅዳሜ ድረስ በጸሐፊው ዘንድ ይመዝገብ። ከላይ ለጠቀስናቸው እናት መረቡን ማኅበሩ ይችላል፤ እሑድ ከቀትር በኋላ አጠና የሚተክሉ አራት ወጣቶች እንፈልጋለን፤ ቡናው ከእሳቸው ነው። የማኅበሩ መሰላል ከዘበኛው ቤት ጀርባ ይገኛል። የወሰደ ሰው በዚያው ዕለት ማታ ይመልስ፤ ባለፈው ሦስት ሳምንት የጠፋው የት እንደነበረ እናውቃለን።