ክረምቱን በቤተ ሙከራ ያሳለፈች ልጅ ምን ይዛ ትመለሳለች?

ልጆቻቸውን ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የላኩ ወላጆች ክረምት በመጣ ቍጥር ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መጣላቸው የተለመደ ነገር ነው። ወራቱ አረም እጅ የሚፈልግበት፤ ቤተ ሰብም በአንድ ምድጃ ዙሪያ መሰብሰብ የሚናፍቅበት ነውና። ስለዚህ ተማሪው «በዚህ ክረምት ከመምህራን ጋራ በቤተ ሙከራ እሠራለሁና አልመጣም» የሚል ቃል የላከ እንደ ሆነ ቤተ ሰቡ ቅር ይለዋል። ቅሬታውም አላግባብ አይደለም። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንነጋገርበት የወደድነው፤ እንዲህ ያለው ልጅ ክረምቱን ካሳለፈበት ቤት ምን ይዞ እንደሚወጣ ነው።

በምረቃ ሰሞን በሐዋሳ ከተማ በባህል አዳራሽ ደጃፍ ቆመን ሳለን፤ ከጎጃም ገጠር ድረስ ለልጃቸው ምረቃ የመጡ አንዲት እናት አገኘን። ልጅቱ ጥቍር የምረቃ ልብስዋን ለብሳ ፎቶግራፍ አንሺውን ስትጠብቅ፤ እናቲቱ ከጥላው ሥር አረፍ ብለው ነበር። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ስለ ልጃቸው ትምህርት ብንጠይቃቸው እንዲህ ሲሉ መለሱልን። «መመረቅዋስ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ባለፈው ክረምት ወንድምዋ አረሙን ብቻውን ሲታገል እስዋ እዚሁ ቀርታ ከረመች። ምን ሠራሽ ብላት ስቈጥር ከረምሁ ትለኛለች። መቍጠርማ ገና በልጅነትዋ ታውቅ አልነበረምን?»

ልጅቱም ይህን ሰምታ ፈገግ እያለች ቀረበችና ነገሩን ገልጣ አስረዳችን።

ስትቈጥር የከረመችው የቢልሃርዚያን ትል ዕንቍላል ነበር። ይህ በሽታ በሐዋሳ ሐይቅ ዙሪያ በሚኖሩ ሕፃናትና በዓሣ አጥማጆች ላይ መገኘቱ በምርመራ የታወቀ ነው። ዕንቍላሉ ከታመመ ሰው ዓይነ ምድር ጋራ ወደ ውሃ በገባ ጊዜ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለውም በውሃ ውስጥ ወደሚኖር ቀንድ አውጣ ገብቶ ይራባል፤ ከዚያም ወጥቶ በውሃው የሚታጠበውን ወይም የሚዋኘውን ሰው ቆዳ በስቶ ወደ ደሙ ይገባል። የምርመራውም አሠራር እንዲህ ነው። ዓይነ ምድሩ በወንፊት ከተጣራ በኋላ 41.7 ሚሊግራም ብቻ በትንሽ ቀዳዳ ተለክቶ በመስታወት ላይ ይደረጋል፤ በግሊሰሪን በራሰ ስስ ሴሎፎን ተሸፍኖ ይጫናል፤ ቈይቶም በአጕሊ መነጽር ሥር ከዳር እስከ ዳር ይታያል። በጎኑ እሾኽ ያለበት ዕንቍላል አንድ የተገኘ እንደ ሆነ በ24 ይባዛል፤ በአንድ ግራም ውስጥ 24 ዕንቍላል አለ ማለት ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፤ ዓይንዋ ደክሞ ሳለ፤ ልጅቱ የአንዲት ሕፃን መስታወት አይታ በመዝገቡ ላይ «ዜሮ» ብላ ጻፈች። በደንቡ መሠረት ሌላ ሰው ያንኑ መስታወት ደግሞ ሲያየው ሦስት ዕንቍላል አገኘ፤ በግራም ሲሰላ 72 መሆኑ ነው። በዚያች ሰዓት በልብዋ ያደረውን አልሸሸገችንም። «ዜሮውን ፍቄ በስፍራው 72 ልጽፍ እጄን አንሥቼ ነበር፤ ማንም አያውቅብኝም ነበር» አለችን። ነገር ግን የሥራው አለቃ ቀረብ ብለው፤ «አትፋቂው። በአንድ መሥመር ብቻ ሰርዢው፤ በጎኑ አዲሱን ቍጥር ከነቀኑና ከነፊርማሽ ጻፊ። ነገ ይህን መዝገብ የሚያነበው ሰው ዓይን እንደሚደክም ማወቅ ይገባዋል» አሏት። እስዋም እንደ ታዘዘችው አደረገች። ከዚያም ማንም ሳያዛት፤ በዚያ ከሰዓት በኋላ ዜሮ ብላ የጻፈችባቸውን መስታወቶች ሁሉ እንደ ገና አየች፤ ከእነዚያም መካከል ሌላ አንድ የታመመ ልጅ አገኘች።

ይህ ነገር ስለ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያልተረዳው አንባቢ ቢኖር፤ ሐሰተኛይቱ ዜሮ የምታመጣውን ጕዳት ያስብ። አንዲት ሕፃን ጤነኛ ነሽ ተብላ ፕራዚኳንቴል የተባለውን መድኃኒት ሳትውጥ ወደ ቤትዋ ትመለሳለች። መድኃኒቱም ለየአካባቢው የሚታደለው በዚያ በተገኙት ሕመምተኞች መጠን እየታየ ስለ ሆነ፤ ዜሮዎች ሲበዙ መንደሩ በሙሉ ሊዘነጋ ይችላል። ደግሞም በሽታው ቀላል በሆነበት ሰው ላይ ያች ጥቂት ናሙና አንዲት ዕንቍላል ሳትይዝ ልትቀር ትችላለች። እንግዲህ «አልታየኝም» ማለትና «የለም» ማለት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ልጅቱ የተማረችው በመጽሐፍ አይደለም፤ በገዛ ስሕተትዋ ነው።

እናቲቱ ሁሉን በጸጥታ ካዳመጡ በኋላ፤ «ታዲያ ይህ የምስር ለቀማ አይደለምን? አንድ ጊዜ ለቅመሽ ጠጠር የለበትም ብለሽ አትተዪውም። በሰፌዱ ላይ እንደ ገና ትበትኚዋለሽ። ጠጠሩ በእንግዳ ጥርስ ላይ ከተገኘ በኋላ ምን ይጠቅማል?» አሉ። ልጅቱም፤ «እማዬ፤ ይህን ቀድመሽ ነግረሽኝ ቢሆን ኖሮ ክረምቱ ይቀልልኝ ነበር» ብላ ሳቀች።

እኛም የእናቲቱን ቃል ስንሰማ የዶክተር አክሊሉ ለማ ሥራ ትዝ አለንና አጫወትናቸው። ዶክተር አክሊሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. በአድዋ ስለ ቢልሃርዚያ ሲመረምሩ፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በውሃው ላይ ተንሳፈው አዩ። ከአጣቢዎቹም አንዲቱን ለምነው፤ የእንዶዱን አረፋ ሕይወት ያላቸው ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ ቢያስጨምሩ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ያ የበሽታው ማደሪያ የሆነው ፍጡር በእናቶቻችን ሳሙና የሚጠፋ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ይሁን እንጂ ነገሩ በአንድ ክረምት አላለቀም። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋራ በመሆን ብዙ ዘመን ደክመውበት፤ ሁለቱ በአንድነት የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት የተቀበሉት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1989 ዓ.ም. ነው። እንዶድ ዓሣንም የሚገድል ስለ ሆነ፤ መጠኑ ሳይለካ ወደ ሐይቅ የሚጣል ነገር አይደለም። አንድ ነገር ከታየ በኋላ ደጋግሞ መለካት የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

እናቲቱም፤ «እኔስ የዚህችን ልጅ ልብስ ሁሉ በእንዶድ አጥቤ አላሳደግሁምን?» ብለው ልጃቸውን ቀና ብለው ተመለከቱ። ፎቶግራፍ አንሺውም በዚያን ጊዜ ስለ ጠራቸው እጅ ለእጅ ተያይዘው ሄዱ።

ስለዚህ ወላጆችን የምንለምነው ይህን ነው። ልጃችሁ ክረምቱን በቤተ ሙከራ አሳልፎ ሲመለስ «ምን አገኘህ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁት። በአንድ ክረምት ታላቅ ነገር የሚያገኝ ጥቂት ነው፤ ጥያቄውም ያላገኘውን አገኘሁ እንዲል ይገፋፋዋል። ይልቁንስ «ምን አየህ? ምንስ ተሳሳትህ? ስሕተትህንስ እንዴት አወቅኸው?» በሉት። ተማሪዎችም ብትሆኑ፤ ስለ እናንተ አረሙን ብቻውን ያረመ ወንድም ወይም እኅት እንዳለ አትርሱ። የክረምቱ ዋጋ የተከፈለው በእነርሱ ድካም ጭምር ነውና፤ የሠራችሁትን ሊገባቸው በሚችል ቃል ልታስረዱአቸው ይገባል። ስሕተቱን ሳይፍቅ በጎኑ ፊርማውን የሚያኖር ልጅ፤ ነገ ሐኪም ወይም መምህር፤ አባት ወይም እናት በሆነ ጊዜ ሰው ቃሉን አምኖ የሚያድርበት ይሆናል። ለየቤታችሁም እንዲህ ያሉ ልጆች እንዲበዙላችሁ እንመኛለን።