ስለ ጭነት መኪና ሾፌሮች



የወለጋን ቡና ጭኖ ከነቀምቴ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል የሚነዳ ሾፌር አሠሪውን ሲለቅ፣ ባለመኪናው «ውለታ ቢስ» ይለዋል። እኔ አልስማማም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎ ወስኗል። እኛ የቢሮ ሰዎች ሰዓታችን ሲሞላ መዝገባችንን ዘግተን እንወጣለን፤ እርሱ ግን የማራገፊያው ተራ እስኪደርሰው ከጋቢናው ውስጥ ያድራል። የፈነዳ ጎማ ከደመወዙ የሚቆረጥበት፣ መንገድ ተዘግቶ ለሰነበተበት ቀን አበል የሚነፈገው ሰው ታማኝነትን ከየት ያምጣ? በሰፈሬ በቡርቃ ጃቶ የማውቃቸው ሾፌሮች ከገንዘቡ ይልቅ የሚያማርሩት ሌላ ነው፤ የሞተሩን ድምፅ የለመዱትን መኪና ያለ አንዲት ቃል ለሌላ ሰው ይሰጡባቸዋል። ባለመኪኖች ሆይ፤ አንዱን መኪና ለአንድ ሾፌር አጽኑለት፤ አበሉንም ከመነሣቱ በፊት ቁጠሩለት።

ከነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ