ኢንዛይሙን ከመፈለግ ጋኑን መፈተሽ ይቀድማል

የራስና አንገት ካንሰር ዋና ዋና መንስኤዎች ትምባሆና አልኮል መሆናቸው የታወቀ ነው። የአልኮል ጉዳት በአብዛኛው የሚመነጨው ሰውነት አልኮልን ሲፈጭ ከሚፈጠረው አሴታልዲሃይድ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተመው ጥራዝ፣ ከአልኮል መጠጥ ጋር የተያያዘውን አሴታልዲሃይድ ካንሰር አምጪነታቸው በተረጋገጠው በመጀመሪያው ምድብ አስፍሮታል። ይህን መርዝ ወደ አሴቴት ለውጦ የሚያከሽፈው ኢንዛይም አልዲሃይድ ዲሃይድሮጂኔዝ 2 ይባላል።

የኢንዛይሙ ዝና የመጣው ከምሥራቅ እስያ ነው። በጃፓን፣ በቻይናና በኮርያ ብዙ ሰው የሚወርሰው ዓይነት በአንድ አሚኖ አሲድ መለወጥ ምክንያት ደካማ ነው። ይህን የወረሱት ጥቂት ሲጠጡ ፊታቸው ይቀላል፤ መጠጣቱን ከቀጠሉ ደግሞ ለጉሮሮና ለምግብ ቧንቧ ካንሰር ያላቸው ተጋላጭነት እጅግ ይጨምራል። ማስረጃው ጠንካራ ነው። ችግሩ የሚጀምረው የጥናቱ ንድፍ እንዳለ ተገልብጦ ደብረ ታቦር ሲደርስ ነው።

ይህ ልዩነት በአፍሪካውያን ዘንድ እጅግ ብርቅ ነው። ከደቡብ ጎንደር ሕሙማን ደም ቀድቶ እርሱኑ ማሰስ፣ በውጭ ምንዛሪ በተገዛ ኬሚካል ባዶ ሠንጠረዥ መሙላት ይሆናል። (ርዕሱ ግን በመመረቂያ ጽሑፍ ሽፋን ላይ ያምራል።) የዘረመል ጥናት የግድ ከሆነም፣ አልኮልን ወደ አሴታልዲሃይድ የሚለውጠው አልኮል ዲሃይድሮጂኔዝ በአፍሪካውያን ዘንድ የሚታወቅ ፈጣን ዓይነት ስላለው፣ ከዚያ መጀመር ይሻላል።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን መጠጡ ነው። የአፍ ሽፋን አሴታልዲሃይድን የማክሸፍ አቅሙ አነስተኛ ነው፤ በአፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎችም ራሳቸው ከአልኮል ያመነጩታል። መጠጡ አስቀድሞ አሴታልዲሃይድ የያዘ እንደሆነ ጤነኛ ኢንዛይም ያለውም ሰው አይድንም። ከጉና ሥር እስከ ፎገራ ሜዳ አረቄ የሚወጣው በቤት ውስጥ ነው። አሴታልዲሃይድ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ አልኮል ደግሞ በ78 ገደማ ስለሚፈላ፣ መጀመሪያ የሚንጠባጠበው አረቄ ከኋለኛው ይልቅ በመርዙ የበለጸገ ነው። ያ ጠብታ ከቀሪው ጋር ሲቀላቀል ምን ያህል መርዝ ወደ መለኪያው ይገባል?

ጥያቄው የላቦራቶሪ ብቻ አይደለም። በአረቄ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ እናቶች አሉ፤ «አትሽጡ» የሚል ምክር እንጀራቸውን ይነካል፣ ሰሚም አያገኝም። የመጀመሪያውን ጠብታ መድፋት ግን ብዙ አያስከፍላቸውም። በሌላ በኩል፣ የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ይህም ለደብረ ታቦር ሕመምተኛ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ማለት ነው።

ለጥናቱ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ ከየቀበሌው የተሰበሰበ ጠላና አረቄ፣ የመጀመሪያው ጠብታ ለብቻው በታሸገ ጠርሙስ፣ ከጠጪዎች ከመጠጣታቸው በፊትና በኋላ የተወሰደ ምራቅ፣ አንድ የጋዝ ክሮማቶግራፊ መሣሪያ። ከአረቄ አውጪዋ ጋር ደግሞ ገና እሳቱ ሳይነድ አብሮ መቀመጥ።