ጆሮ ውስጥ የሚገባው ሄድሴት ለማን ይገባል?

በረራ የሚማር ወጣት ያለው ቤተሰብ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ዘመድ ካለው፣ ከሚላኩት ዕቃዎች መካከል ሄድሴት (ማይክራፎን ያለው የአብራሪ ማዳመጫ) አይጠፋም። ድሮ የሚጠየቀው አረንጓዴው፣ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ዴቪድ ክላርክ የተባለው ነበር። አሁን ልጆቹ የሚፈልጉት ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባውን፣ ጫጫታን በኤሌክትሮኒክስ የሚቀንሰውን ትንሹን ነው። ምክንያታቸው ይገባኛል። የአየር መንገድ ካፒቴኖች ሲያደርጉት ያያሉ፤ ክብደቱ 130 ግራም ገደማ ነው፤ የመነጽር እጀታ አይጫንም። ፎቶ ላይም ያምራል (ይህን የሚናገር የለም እንጂ ዋናው ምክንያት እሱ ሳይሆን አይቀርም)። አክስት አንድ ሺህ ዶላር ገደማ ከፍላ ትልካለች። ልጁ ሴስና 172 የተባለች ትንሽ የመማሪያ አውሮፕላን ውስጥ ይዞት ይገባል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ የጠበቀው ጸጥታ ግን አይመጣም።

ሄድሴቱ ጥፋት የለበትም። ሄድሴት የሚመረጠው በሚቀመጡበት ኮክፒት ነው፤ በዋጋም በማዕረግም ከተመረጠ ገንዘቡ ባከነ ማለት ነው።

ሴስና 172 ሲበር ሞተሩ በደቂቃ 2,400 ዙር ያህል ይዞራል። ፕሮፔለሩ ሁለት መቅዘፊያ ስላለው አየሩን በሰከንድ 80 ጊዜ ይመታዋል። አራቱ ሲሊንደሮችም በየዙሩ ሁለት ጊዜ ስለሚተኩሱ የእነሱም ምት እዚያው 80 ላይ ያርፋል። ሁለቱ ሲደራረቡ ደረት ድረስ የሚሰማ ወፍራም ጉርምርምታ ይሆናሉ፤ በላዩ ላይ ደግሞ በበርና በመስኮት ክፍተት የሚገባው የነፋስ ፉጨት አለ። እንዲህ ባለ ኮክፒት ውስጥ ድምፁ ከ90 እስከ 100 ዴሲቤል ይደርሳል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ያለ መከላከያ ለስምንት ሰዓት የሚመክረው ገደብ 85 ዴሲቤል ነው፤ ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀነሳል። 94 ላይ የሚተርፈው አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ አንድ የልምምድ በረራ ያንን ይጨርሰዋል።

ጄት ሌላ ዓለም ነው። ሞተሮቹ ከአብራሪው ኋላ ርቀው ተሰቅለዋል። እሱ የሚሰማው በፊት መስታወቱ ላይ የሚንሸራተተውን ነፋስና የአየር ማቀዝቀዣውን ሽሽ የሚል ድምፅ ነው። ከሴስናው በጣም ያነሰ ድምፅ ነው፤ ግን አሥር ሰዓት ሳያርፍ ይዘልቃል።

ድምፅን በድምፅ የማጥፋት ሐሳብ የዛሬ አይደለም። ጀርመናዊው ፓውል ሉዌግ ለዚህ የአሜሪካ ፓተንት ያገኘው በ1936 እ.ኤ.አ. ነበር። የሚመጣው ሞገድ ከፍ ሲል ዝቅ የሚል፣ ዝቅ ሲል ከፍ የሚል አቻ ሞገድ ቢላክበት ሁለቱ ይጠፋፋሉ። ሐሳቡ ወደ አብራሪ ጆሮ ለመድረስ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ወስዶበታል። በ1978 የኤምአይቲው ፕሮፌሰር አማር ቦዝ ከዙሪክ ወደ ቦስተን ሲበሩ፣ አውሮፕላኑ ላይ የተሰጣቸው ማዳመጫ በጫጫታው የተነሳ ሙዚቃውን አላሰማ ቢላቸው እዚያው ወንበራቸው ላይ ሒሳቡን መሥራት ጀመሩ። በ1986 ዲክ ሩታንና ጂና ዬገር ቮዬጀር በተባለው አውሮፕላን ነዳጅ ሳይሞሉ በዘጠኝ ቀን ዓለምን ሲዞሩ የቦዝ ኩባንያን የሙከራ ሄድሴት ይዘው ነበር። ገበያ ላይ የወጣው በ1989 ነው። በነገራችን ላይ በዳሽ 8 ኪው400 ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር የበረረ ሰው ሁሉ የዚህ ጥበብ ዘመድ ተጠቃሚ ነው፤ አውሮፕላኑ አካሉ ላይ በተተከሉ መሣሪያዎች የፕሮፔለሩን ንዝረት በተቃራኒ ንዝረት ይቀንሳል።

ጥበቡ አቅሙ የተወሰነ ነው። ወፍራሙን፣ ዝግ ብሎ የሚመላለሰውን ሞገድ ይይዘዋል። ቀጭኑ ድምፅ ግን ማይክራፎኑ ሰምቶ፣ ኤሌክትሮኒክሱ መልስ እስኪያዘጋጅ ያልፈዋል። ቀጭኑን የሚያስቆመው የሚዳሰስ ነገር ነው፦ የትልቁ ሄድሴት ጎድጓዳ ሽፋን፣ ወይም ጆሮን የሚደፍን ስፖንጅ።

ገዢዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገባ ሁሉ አንድ ይመስላቸዋል። ክላሪቲ አሎፍት የሚባለው ጫጫታ የሚቀንስ ኤሌክትሮኒክስ የለውም፤ ፋብሪካ ውስጥ እንደሚደረገው ያለ ስፖንጅ ጆሮን ጥብቅ አድርጎ ይደፍናል፣ የሬዲዮው ድምፅ በስፖንጁ መሐል ባለው ቀዳዳ ይገባል። የቦዝ ፕሮፍላይት ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ለስላሳ የሲሊኮን ጫፉ ጆሮ አፍ ላይ ቀለል ብሎ ይቀመጣል፣ ሥራውን ባብዛኛው የሚሠራው በሁለት ባትሪ የሚነዳው ኤሌክትሮኒክስ ነው። ለረጅም ሰዓት የሚመቸውም ስለማይደፍን ነው። ነገር ግን ያ ምቾት ሴስና ውስጥ ዕዳ ይሆናል፤ ጉርምርምታውና ፉጨቱ ሲበረቱ ከኤሌክትሮኒክሱ ጀርባ የሚያግዝ ድፍን ነገር የለም። አምራቹ ራሱ ፕሮፍላይትን ለጄት ነው የሚያቀርበው፤ ጫጫታ ለበዛበት አውሮፕላን ጆሮ የሚሸፍኑትን ኤ20ንና ኤ30ን ሠርቷል።

ለአየር መንገድ አብራሪ ግን ትንሹን ያለ ማቅማማት እመርጥለታለሁ። ኮክፒት ውስጥ ለጸጥታ ብሎ የሚቀመጥ የለም፤ የሚፈለገው ቃል መስማት ነው፣ የተቆጣጣሪውንም የጎን ባልደረባንም። ትልቁን ያደረገ የጄት አብራሪ ጓደኛው ሲያናግረው አንዱን ጆሮ ሲገልጥ ታዩታላችሁ፤ ያኔ የከፈለበት መከላከያ በግማሽ ቀረ። ፕሮፍላይት ላይ ማዳመጫውን በጣት መታ ማድረግ የውጭውን ድምፅ ያስገባል። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በ2007 እ.ኤ.አ. ጫጫታ አጥፊ ሄድሴት ያደረገ አብራሪ በኢንተርኮም የማይመጡ የማስጠንቀቂያ ድምፆችና የአካባቢው ለውጥ ሊያመልጡት እንደሚችሉ ማሳሰቢያ አውጥቷል። ሁሉን ከሚያፍን ሄድሴት ይልቅ መክፈቻ ያለው ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ጆሮን በስፖንጅ መድፈን ሌላም ጣጣ አለው፣ የእኛን አብራሪዎች ደግሞ ለየት ባለ መንገድ ይነካል። ጄት ከፍታ ላይ ሲሆን በውስጡ ያለው አየር ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላል። ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ ለማረፍ ሲወርዱ ጆሮ ብዙም ለውጥ አያይም። ጅቡቲ፣ ጅዳ ወይም ዱባይ ሲያርፉ ግን ግፊቱ እስከ ባሕር ወለል ድረስ ይጨምራል፤ ያን ጊዜ በስፖንጁና በታምቡሩ መካከል የታሰረው አየር ሚዛን ያጣና ጆሮን ይጫናል። ጉንፋን የያዘው ሰው ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ለስፖንጅ ተጠቃሚ ምክሬ ቁልቁለቱ ሲጀመር ለአፍታ ላላ ማድረግ ነው። ኩክ የሚበዛበት ጆሮም ጫፉን ቶሎ ቶሎ ይደፍነዋል። ጫፉን ለሌላ ሰው ማዋስ ደግሞ የማይታሰብ ነው፤ የጆሮ ሕመም ያዋውሳል።

ስለ ሶኬቱ ረጅም ወሬ አያስፈልግም፦ ሴስናና ቦይንግ ባብዛኛው ሁለት መሰኪያ፣ ኤርባስ አምስት እግር ያለው አንድ መሰኪያ፣ ሄሊኮፕተር የራሱ። የተሳሳተውን መግዛት የአስማሚ ወጪ ያመጣል። የስልክ ማዳመጫ ላይ ማይክራፎን ቀጥሎ ወደ ኮክፒት መግባትም አለ፤ ለግል በረራ የሚያደርጉት አሉ፣ ለአየር መንገድ ሥራ ግን ለአውሮፕላን ተፈትኖ የጸደቀ መሣሪያ ነው የሚያስፈልገው። እኔ ለሰልጣኝም አልመክረውም፤ ተቆጣጣሪው የሚናገረውን ለመያዝ ገና የሚታገል ልጅ በሬዲዮው ጥራት ላይ መቆጠብ የለበትም።

ስለዚህ ዋሽንግተን ያለሽው አክስት፣ ዱባይ ያለኸው አጎት፣ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ደውላችሁ በምን አውሮፕላን እንደሚበር ጠይቁት። ሴስና ካላችሁ ጆሮ የሚሸፍነውን ግዙለት፤ ሙቀቱንና ክብደቱን አልችልም ካለ ደግሞ የስፖንጁን። ፕሮፍላይቱን ጄት ላይ ሲቀመጥ ከራሱ ደመወዝ ይገዛዋል።