ጠበሉም ኪኒኑም፣ ሐኪሙ እያወቀው



አንድ የቤተሰብ አባል በአንጎል ዕጢ መታመሙ ሲሰማ ምክር ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። አንዷ ጎረቤት «ጠበል ውሰጂው» ትላለች። ሌላዋ የባህል ሐኪም ቤት ትጠቁማለች። ሦስተኛዋ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሳ ይዛ ትመጣለች። ሁሉም የሚመክሩት ከፍቅር ነው። ውሳኔው ግን ቀን በሥራ፣ ሌሊት በማስታመም በምትደክመው ሴት ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

ለመወሰን በመጀመሪያ የበሽታውን ጠባይ ማወቅ ይረዳል። የራስ ቅል እንደ ሆድ አይለጠጥም። በውስጡ ዕጢ ሲያድግና በዙሪያው ያለው አንጎል ሲያብጥ ግፊት ይፈጠራል፤ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የዓይን መደብዘዝ፣ አንዳንዴም እንደሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ይከተላል። ስለዚህ ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምናና ከጨረር ሌላ፣ እብጠት የሚቀንሰውን ዴክሳሜታሶንና መንዘፍዘፍን የሚከላከሉ እንደ ፌኒቶይን ያሉ ኪኒኖችን ያዛሉ።

እነዚህ ኪኒኖች በድንገት የሚቋረጡ አይደሉም። የመንዘፍዘፉ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሲቆም በሽታው ደጋግሞ ሊጥለው፣ ለሕይወቱም ሊያሰጋው ይችላል። ለሳምንታት የተወሰደ ዴክሳሜታሶን በድንገት ሲቋረጥ ደግሞ እብጠቱ ሊመለስ፣ ሰውነቱም አቅም አጥቶ ሊወድቅ ይችላል። እንግዲህ አደጋው መጠመቁ አይደለም፤ ወደ ጠበል ሲኬድ ኪኒኑ ቤት መቅረቱ ነው። «መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጉደል ነው» የሚልዎ ካለ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ለምእመናን መናገራቸውን ያስታውሱት።

ወደሚጠጣው ሥራሥርና ቅጠል ስንመጣ ጥንቃቄው ይጨምራል። መጠኑ ያልታወቀ መድኃኒት ጉበትን ሊጎዳ ወይም የኪኒኑን ኃይል ሊያዛባ ይችላል። ኮሶ እንኳ ሲበዛ የዓይን ብርሃንን ሊጎዳ ይችላል። ወጥ ውስጥ የሚገባ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አያሰጋም፤ ለመድኃኒት ተብሎ በብዛት ሲወሰድ ግን ደም ቶሎ እንዳይረጋ ሊያደርግ ስለሚችል ከቀዶ ሕክምና በፊት ሐኪሙ ሊያውቀው ይገባል።

ጸሎት፣ መዝሙር ማዳመጥ፣ ለስለስ ያለ ማሸት፣ በረጅሙ መተንፈስና አጭር የእግር ጉዞ ጭንቀትን ያቀላሉ፤ ለእንቅልፍም ይረዳሉ። ዕጢውን ግን አያጠፉም። በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ገና ያልተሠራጨ የጡት፣ የሳንባ፣ የፕሮስቴትና የአንጀት ካንሰር ይዟቸው ዘመናዊ ሕክምናን ትተው በሌላ ዘዴ ብቻ የታከሙ ሰዎች የመሞት ዕድላቸው ሁለት እጥፍ ተኩል ሆኖ ተገኝቷል። ጥናቱ የአንጎል ዕጢን ባይጨምርም ትምህርቱ ለሁላችን ነው፤ ረዳቱ የዋናውን ቦታ አይያዝ።

ስለዚህ በቀጠሮ ቀን በሽተኛዎ የሚጠጣውን፣ የሚቀባውንና የሚታጠነውን ሁሉ በወረቀት ጽፈው ይሂዱ። ስሙን ካላወቁት ቅጠሉን ይዘው ይቅረቡ። ጾም ላይ ከሆነም ዴክሳሜታሶን በባዶ ሆድ እንዳይወሰድ ስለሰዓቱ ይጠይቁ። ሐኪሙ ይቆጣኛል ብለው አይፍሩ፤ ቁጣ ያልፋል፣ የተደበቀ ነገር ግን ሊያሳስተው ይችላል። አባቶቻችንም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለዋል። መድኃኒትን መደበቅም ከዚያ አይለይም።